የ1900ዎቹ መጀመሪያ ክላሲካል ሙዚቃ፦ ስልቶቹን በጆሮ ለመለየት በየትኛው አላባ እንጀምር?

ጥያቄ፦ «ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የሙዚቃ ትምህርት እየተከታተልኩ ነው። ለፈተና ከተሰጡን ርዕሶች አንዱ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክላሲካል ሙዚቃ ነው። ኢምፕረሽኒዝም፣ ኤክስፕረሽኒዝም፣ ፕሪሚቲቪዝምና ኒዮክላሲሲዝም የሚባሉትን ትርጉማቸውን በቃሌ ይዣለሁ። ሙዚቃው ሲከፈት ግን ሁሉም ያው የተሳሳተ ኖታ ይመስለኛል፤ ዜማም ምትም የላቸውም። መምህራችን የሙዚቃ መሠረታዊ አላባውያን ሰባት ናቸው ይላል፤ የማነበው መጽሐፍ ደግሞ አምስት። የደቡሲን ‹ቯል› ስሰማ መሃሉ ላይ ትዝታ ሰምቻለሁ፤ ከእኛ ወስዶ ይሆን? በምን ልለያቸው?»

ምላሽ፦ ያስቸገረዎት በቃል የያዙት ትርጉም ነው። «ጭጋጋማ ስሜት የሚፈጥር»፣ «የውስጥ ጭንቀትን የሚገልጽ» የሚባሉት ሐረጎች የፈለጉት ሙዚቃ ላይ ይለጠፋሉ፤ በጆሮ የሚያዝ ነገር ግን አይሰጡም። የዚያ ዘመን ደራሲዎች ሁሉንም ነገር አላፈረሱም። እያንዳንዳቸው ከአላባውያኑ አንዱን ወይም ሁለቱን ከለመደው ቦታ ነቀሉና የቀረውን ብዙም ሳይነኩ ተዉት። ስለዚህ ሙዚቃው ሲከፈት «ይህ ምን ስልት ነው?» ብለው አይጀምሩ። «እዚህ የተነካው የትኛው አላባ ነው?» ይበሉ፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዶ ስል ደግሞ በኪቦርዱ ላይ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለውን ነጭ ማለቴ ነው፤ ሌላውን ከዚያ ይቁጠሩ።

መጀመሪያ የአምስትና የሰባቱን ነገር እንጨርስ። አንድ ድምፅ ብቻውን አራት ጠባይ አለው፦ መቅጠን ወይም መወፈሩ፣ ርዝመቱ፣ ጉልበቱና ቀለሙ። ኦርኬስትራ የሚቃኝበት ላ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል፤ ፍሉትና ክላሪኔት ይህንኑ ላ በእኩል ጉልበት ቢነፉት የሚለያዩት በቀለም ነው። ቀጭንና ወፍራም ድምፆች ተከታትለው ሲመጡ ዜማ፣ አብረው ሲሰሙ ሃርመኒ ይሆናሉ፤ ከርዝመታቸው ምት ይወጣል። ስንት መስመር በአንድ ጊዜ እንደሚሄድና መስመሮቹ እንዴት እንደሚያያዙ የሚነግረን ቴክስቸር ነው። የያሬድ ዜማ ሃምሳ ካህን ቢያዜመውም መስመሩ አንድ ነው፤ አዝማሪው ሲዘፍን ማሲንቆው ያንኑ ዜማ እያስጌጠ ከተከተለው ሌላ ቴክስቸር፣ መዘምራን በአራት ድምፅ ኮርድ እየሠሩ ሲዘምሩ ደግሞ ሌላ ነው። ክፍሎቹ የሚደረደሩበት መንገድ ቅርፅ ይባላል። ዜማ፣ ምት፣ ሃርመኒ፣ ቴክስቸር፣ ቅርፅ፣ ጉልበት፣ ቀለም፤ ሰባት ሞላ። አምስት የሚሉት ጉልበትን ከቀለም፣ ቴክስቸርን ከሃርመኒ ጋር አስረው ስለሚቆጥሩ ነው፤ ስምንት የሚሉም አሉ፣ ፍጥነትን ከምት ለይተው። ለፈተናው የመምህርዎን ሰባት ይያዙ።

ወደ ስልቶቹ ከመግባትዎ በፊት አላባን ከአላባ ነጥሎ መስማት ይለማመዱ፤ ለዚህ ከሞሪስ ራቬል ቦሌሮ (1928) የተሻለ አላውቅም። 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስኔር ድራሙ ያችኑ የሁለት ባር ምት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመታል፣ ሁለት ዜማዎች እየተፈራረቁ ይመላለሳሉ፣ ሃርመኒው እስከ መጨረሻው አካባቢ ከዶ ንቅንቅ አይልም። የሚለወጠው ቀለምና ጉልበት ብቻ ነው። ዜማውን መጀመሪያ ፍሉት ይይዘዋል፣ ከዚያ ክላሪኔት፣ ከዚያ ባሱን፤ እየተደራረበ እያደገ ሄዶ መጨረሻ ላይ ድንገት ወደ ሚ ሜጀር ይዘላል፤ ለጥቂት ባር ብቻ። ያ ዝላይ ያን ያህል የሚያስደነግጠው 14 ደቂቃ ሙሉ ሃርመኒ ተከልክለው ስለቆዩ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መጀመሪያው በጣም ዝግ ያለ ነው ብለው ድምፁን ከፍ እንዳያደርጉት፤ በሄድፎን ከሆነ መጨረሻው ጆሮ ይጎዳል።

አሁን ወደ ኪቦርዱ ይሂዱ። አውቶ ኮርዱን ያጥፉ፤ ካላጠፉት የግራ እጅዎን ኖታዎች መሣሪያው ወደሚያውቀው ኮርድ ይቀይራቸዋል። ትራንስፖዙንም ዜሮ ላይ ይመልሱ። ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ አንድ ላይ ይምቱና እዚያው ያቁሙ። ጆሮዎ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ይጠይቃል። የሚጠይቀው በሁለት ግማሽ ድምፆች (በኪቦርዱ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ) ምክንያት ነው፦ ሲ ግማሽ ድምፅ ወጥቶ ዶ ላይ፣ ፋ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሚ ላይ ማረፍ ይፈልጋሉ። ከባኽ እስከ ብራምስ ያለው ሙዚቃ ማረፊያ ድምፁን የሚያስታውቀው በዋናነት በዚህ ጉተታ ነው፤ የሚዘምሩት መዝሙርም አብዛኛው እንዲሁ። «የተሳሳተ ኖታ» የሚመስልዎት ይህ ጉተታ የላላበት፣ የተቆረጠበት ወይም የተሳተበት ቦታ ነው።

ኢምፕረሽኒስት የሚባለው ክሎድ ደቡሲ ጉተታውን አላላው። «ቯል» የተጻፈው በ1909 ሲሆን ፕረሉድ ከሚባሉት አጫጭር የፒያኖ ቁራጮቹ የመጀመሪያ መጽሐፍ ሁለተኛው ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ዶ ብለው ይምቱ፤ ሰስቴን ፔዳሉን እንደረገጡ። ይህ ሆል ቶን ስኬል ነው። በመካከሉ ግማሽ ድምፅ ስለሌለ ጉተታ የለም፤ ከስድስቱ ማንኛውንም ማረፊያ ቢያደርጉት ከሌላው አይበልጥም። «ቯል» ከሞላ ጎደል በዚህ ስኬል ተሠርቶ ሳለ ጨርሶ እንዳይንሳፈፍ የያዘው ከታች እየተደጋገመ የሚመጣው ወፍራሙ ሲ ፍላት ነው። ወደ 58 ኸርዝ (በሰከንድ 58 ጊዜ መርገብገብ) ስለሚወርድ የስልክ ድምፅ ማጉያ በቅጡ አያወጣውም፤ በስልክ ብቻ ከሰሙት የቁራጩን መልሕቅ በደንብ አልሰሙትም ማለት ነው። ሄድፎን ይጠቀሙ።

የሰሙት ትዝታ እዚህ ነው ያለው። መሃል ላይ ለስድስት ባር ያህል ደቡሲ ሆል ቶኑን ትቶ ጥቁሮቹን ብቻ ይመታል። ከፋ ሻርፕ ጀምረው አምስቱን ጥቁሮች በተራ ቢመቱ ርቀታቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ትዝታ ሜጀር የምንለው። ጆሮዎ አልዋሸዎትም፣ ድምፆቹ እነዚያው ናቸው። ከእኛ ወሰደ ለማለት ግን አያበቃም። ይህ አምስት ድምፅ ቻይናም ስኮትላንድም አለ፤ ደቡሲ ራሱ በ1889ኙ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጋሜላን የሚባለውን የጃቫ የመሣሪያ ስብስብ ሰምቶ በእጅጉ ተነክቶበታል፤ ምንም እንኳ የጋሜላን ቅኝት በፒያኖ ቁልፎች ልክ ባይሆንም። ትዝታ ደግሞ ከአምስቱ ድምፆች በላይ ነው፦ ሐረጉ የት ጀምሮ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚለሰልስ፣ የትኛው እንደሚያዝ። «ቯል» ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። የበለጠ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ደቡሲ ለምን ሌላ ዓይነት ስኬል ሳይመርጥ ይህን እንደመረጠ ነው። ትዝታ ሜጀርም እንደ ሆል ቶኑ በውስጡ ግማሽ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ብርሃኑ ይለወጣል እንጂ ጉተታ አይፈጠርም። በባቲ ቢሞክሩት (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ሚና ፋ፣ ሲና ዶ ወዲያው መጓተት ይጀምራሉ፤ በአምባሰልም (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) እንዲሁ። ኪቦርዱ ላይ ሁለቱንም ይሞክሩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የኤክስፕረሽኒዝሙ አርኖልድ ሾንበርግ ጉተታውን ቆረጠው። ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 19 የሚባሉት ስድስት ትንንሽ የፒያኖ ቁራጮች የ1911 ሥራዎች ናቸው፤ ስድስተኛው ጉስታቭ ማህለር ከሞተ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተጻፈ ሲሆን ርዝመቱ ዘጠኝ ባር ብቻ ነው። አከፋፈቱን ራስዎ ይምቱት፦ በቀኝ እጅ ላ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሲ፤ ሳይለቁ በግራ እጅ ሶል፣ ዶ፣ ፋ። በጣም በቀስታ፣ ልክ ከሩቅ እንደሚሰማ። ስድስት ድምፅ ነው፣ አንዱም አልተደገመም፣ አንዱም ሌላውን «ና እዚህ እረፍ» አይለውም። ሃርመኒው ማረፊያውን ሲያጣ ሥራው ወደ ሌሎች አላባውያን ይዞራል፤ እዚህ ሙዚቃውን የተሸከሙት ጉልበት፣ ቀለምና ዝምታ ናቸው። የኤክስፕረሽኒዝም ሥራዎች ዜማቸው ሰፊ ዝላይ የሚዘለው፣ ጉልበታቸው ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት የሚወረወረውም ለዚሁ ነው። በሾንበርግ «ፒዬሮ ሊውኔር» (1912) ዘፋኟ ሳትዘፍንም ሳትናገርም በሁለቱ መካከል ታደርገዋለች፤ ኖታው ተጽፎላታል፣ ነክታው ወዲያው ትለቀዋለች።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥልበት ነገር አለ። አቶናል (ማረፊያ ድምፅ የሌለው) ማለትና ባለ 12 ድምፅ ማለት አንድ አይደለም። ሾንበርግ ማረፊያ የሌለው ሙዚቃ መጻፍ የጀመረው በ1908 እና በ1909 ነው፤ የ12 ድምፅ ዘዴውን የሠራው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዘዴው 12ቱም ድምፆች በአንድ ተራ ይሰለፋሉ፤ ተራው ሳያልቅ ወደ ኋላ ተመልሶ አንዱን መድገም በመርህ ደረጃ አይፈቀድም። ተራው ወደ ፊት፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ተገልብጦና ተገልብጦ ከኋላ ሊነበብ ይችላል፤ አራቱ ከ12ቱ ድምፆች በየትኛውም ሊጀምሩ ስለሚችሉ 48 መልክ ይወጣል። ኦፐስ 25 የሚባለው የሾንበርግ የፒያኖ ስዊት (የተከታታይ ቁራጮች ስብስብ) ተራ ይህ ነው፦ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሬ ፍላት፣ ሶል ፍላት፣ ሚ ፍላት፣ ላ ፍላት፣ ሬ፣ ሲ፣ ዶ፣ ላ፣ ሲ ፍላት። የመጨረሻዎቹን አራት ከኋላ ሲያነቧቸው በጀርመኖች የኖታ አጠራር የባኽን ስም ይሠራሉ። ይህ ስዊት ታዲያ ጋቮት፣ ሜኑዌትና ጂግ አሉት፤ የ1700ዎቹ ዳንሶች። ሃርመኒው ከሥሩ ተነቅሎ ምቱና ቅርፁ የባኽ ዘመን ሆነው ቀሩ። «ሁሉንም አፈረሱ» ለሚል ሰው ይህን ያሰሙት።

ኢጎር ስትራቪንስኪ «የፀደይ ሥርዓት» በተባለው የባሌ ዳንስ ሙዚቃው የነካው ምትን ነው፤ እርስዎ ግን ምት የለውም ብለዋል። መግቢያው ሦስት ደቂቃ ከምናምን ሄዶ ሲያልቅ ባለ ክሮቹ መሣሪያዎች አንድ ኮርድ ደጋግመው መምታት ይጀምራሉ። በግራ እጅዎ ሚ፣ ሶል ሻርፕ፣ ሲ፣ ሚ፤ በቀኝ ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ሬ ፍላት፣ ሚ ፍላት ይያዙ። ሁለት የታወቁ ኮርዶች በግማሽ ድምፅ ተጋጭተው ነው፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ቢመቱት መዝሙር ላይ የሚገኝ ነው። ይህ ኮርድ በስምንት ባር ውስጥ 32 ጊዜ እኩል በእኩል ይመታል፤ ሜትሩም ሁለት በአራት ነው፣ ማርሽ የሚጻፍበት። የተናጋው ጠንከር የሚልበት ቦታ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከ1 እስከ 32 በእኩል ፍጥነት እየቆጠሩ ይምቱ፤ 10፣ 12፣ 18፣ 21፣ 25 እና 30 ላይ ብቻ ያጠንክሩ። በቦታው ስምንት ሆርኖች እነዚህ ላይ ነው የሚጮኹት። በመካከላቸው ያለው ርቀት 2፣ 6፣ 3፣ 4፣ 5 ስለሆነ ጆሮ ቀጣዩን መገመት አይችልም። ተማሪዎች የሚሳሳቱት ጠንካራው ሲመጣ አብረው ስለሚፈጥኑ ነው፤ ፍጥነቱ አይለወጥም። መጀመሪያ በእግርዎ ሁለት ሁለቱን ይያዙ፣ ከዚያ እጅዎን ይጨምሩ።

ግንቦት 29 ቀን 1913 ፓሪስ ውስጥ በመጀመሪያው ምሽት የተነሣው ሁካታ በየመጽሐፉ ስላለ አልደግመውም። ለሙዚቃው ፍርድ አድርገው ግን እንዳይወስዱት፤ ውዝግቡ ኒጂንስኪ ያቀናበረውን ዳንስም ይመለከት ነበር፤ በዓመቱ እዚያው ፓሪስ ያለ ዳንስ በኮንሰርት ሲቀርብ ታላቅ ጭብጨባ አግኝቷል። ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ፕሪሚቲቪዝም የሚለው ስምም ስለ ታሪኩ ይናገራል እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው ማለቱ አይደለም።

ኒዮክላሲሲዝምን ቶሎ ልለፈው፤ ከአራቱ ቀላሉ ነው። የሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ ክላሲካል ሲምፎኒ (1916 እና 1917) የ1700ዎቹ ደራሲ ሃይድን በሚጠቀምበት መጠን ባለ ኦርኬስትራ የተጻፈ ነው፤ ምቱ፣ ቅርፁ፣ ቴክስቸሩ ሁሉ የተስተካከለ። በመጀመሪያው ክፍል ዋናው ሐሳብ በሬ ሜጀር ይከፍትና ገና አሥር ባር አካባቢ ሲደርስ ያለ ምንም መሸጋገሪያ ወደ ዶ ሜጀር ይወርዳል። ያች ብቻ ናት ቀልዷ። ሃይድን እዚያ ለመድረስ መንገድ ያዘጋጅ ነበር።

አሁን መለያው። ሙዚቃው እየሄደ በእግርዎ ምቱን ይያዙ፤ ከዚያ መሃል ላይ ያቁሙትና ማረፊያ የሚመስልዎትን ድምፅ በአፍዎ ያውጡ። እግርዎም ከያዘ፣ ማረፊያውም ከተገኘና አልፎ አልፎ ብቻ ከተሳተ ኒዮክላሲካል ነው ብለው ይጠርጥሩ። እግርዎ መያዝ ችሎ ጠንካራው ድምፅ እየቀደመ ወይም እየዘገየ ካታለለው፣ ኮርዱም ቆሞ ከቀረ፣ የስትራቪንስኪ መንገድ ነው። እግርዎ የሚይዘው ላላ ብሎ፣ ማረፊያውን ያገኙት ኮርዱ ጎትቶዎት ሳይሆን ወፍራሙ ድምፅ ስለቀጠለ ብቻ ከሆነ ደቡሲ አጠገብ ነዎት። እግርም ማረፊያም እምቢ ካሉ ኤክስፕረሽኒዝም። እግር ይዞ ማረፊያ ጨርሶ ከጠፋ ግን ይጠንቀቁ፤ እንደ ኦፐስ 25 ያለ የ12 ድምፅ ሥራ በአሮጌ ዳንስ ቅርፅ ሊሆን ይችላል።

ይህ መንገድ የማይደርስበት ቦታም አለ። ስሞቹ በከፊል ከሥዕል የተዋሱ ናቸው፤ ደቡሲ ራሱ ኢምፕረሽኒስት መባልን አይወድም ነበር። ስትራቪንስኪ በ1913 «የፀደይ ሥርዓት»ን፣ በ1920 ደግሞ የ1700ዎቹን ሙዚቃ መነሻ ያደረገውን «ፑልቺኔላ» አሰምቷል፤ የደራሲውን ስም አይቶ ስልት መገመት ያሳስታል። ዓመትም አያድንም፦ በዚያው በ1909 «ቯል»፣ የሾንበርግ ኦፐስ 11 እና የራህማኒኖቭ ሦስተኛ የፒያኖ ኮንሰርቶ ተጽፈዋል፤ የመጨረሻው ማረፊያውን ከማንኛውም የ1800ዎቹ ሥራ ባልተናነሰ አጥብቆ የያዘ ነው። የሃንጋሪውን ደራሲ የባርቶክንም ጉዳይ አልነካሁም፤ ከገጠር በፎኖግራፍ የሰበሰበውን ዘፈን ከአራቱ አንዱ ሣጥን ውስጥ መክተት ስለሚያስቸግር፣ ፈተናው ላይ ከመጣ ለብቻው ያጥኑት።

የምመክርዎት አራት ሥራ ብቻ እንዲይዙ ነው፦ የክላሲካል ሲምፎኒውን የመጀመሪያ ክፍል፣ ከ«የፀደይ ሥርዓት» መግቢያው ካለቀ በኋላ ያለውን ክፍል፣ «ቯል»ን፣ የኦፐስ 19ን ስድስተኛ ቁራጭ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። አራቱ ተደምረው ሩብ ሰዓት አይሞሉም። ብዙ ዝርዝሮች በደቡሲ ያስጀምራሉ፤ የታሪኩ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው፤ ጆሮ ግን አንድ ነገር ብቻ ከተነካበት ጀምሮ ብዙ ወደተነካበት ቢሄድ ይሻለዋል። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ይስሙት፦ አንዴ ለእግር፣ አንዴ ለማረፊያ፣ አንዴ የትኛው መሣሪያ እንደያዘና ጉልበቱ የት እንደተለወጠ። ቀን በቀን አንድ ሥራ ይበቃል፤ አራቱን ባንድ ማታ ከደራረቧቸው ተመልሰው የተሳሳተ ኖታ ይሆኑብዎታል። በፈተና ወረቀቱ ላይ ደግሞ የስልቱን ስም ብቻ ጽፈው አይለፉ፤ «ኢምፕረሽኒዝም፤ ሆል ቶን ስኬል፣ ግማሽ ድምፅ የለም፣ ማረፊያውን የያዘው ከታች የሚደጋገመው ሲ ፍላት ነው» ብለው ይጻፉ። ስሙን ቢሳሳቱ እንኳ አራሚው የሰሙትን ያያል።